ሁለት ቋጠሮ ለአዋሽ

በአዋሽ ጣቢያ የሠራ ሰው ሁሉ ይልቃልን የሚያነሣው በአእምሮው ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ሲነሣ የጭነት ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ካነበቡለት ድሬዳዋ እስኪገባ ድረስ አንዲት ዕቃ አታመልጠውም። የአርባ ሰው ስም ከነአድራሻው፣ የትኛው ጆንያ ከየትኛው ሳጥን ሥር እንደተቀመጠ፣ የትኛው ቅርጫት መተሐራ ወርዶ የትኛው ሚኤሶ እንደሚወርድ፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት ይወርደዋል። ይህን ያስለመደውም ዳዊት ነው። ቡልጋ ተወልዶ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ሲማር ቆየ፤ አባቱ ሲሞቱበት ትምህርቱን ጥሎ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደ። ጣልያን ከወጣ በኋላ አዋሽ ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ገባ። አምስት ዓመት ጀርባው እስኪላጥ ከተሸከመ በኋላ የዕቃ ፉርጎ ኃላፊ አደረጉት።

የዕቃ ፉርጎ ከሞተሩ ቀጥላ የምትታሰር፣ ተሳፋሪ የማይገባባት ሠረገላ ናት። ጨውና ቡናው በጭነት ባቡር ይሄዳል፤ በእሷ የሚሄደው ቶሎ መድረስ ያለበት፣ ወይም ባለቤቱ ከላዩ ላይ ዓይኑን ሊነቅል የማይፈልገው ነገር ነው። የፖስታ ከረጢት፣ ጋዜጣ፣ መድኃኒት፣ በበረዶ የታሸገ የጅቡቲ ዓሣ፣ ለሲኒማ ቤት የሚላክ ፊልም፣ የሙሽራ ሻንጣ። አንድ ጊዜ ለአንድ ፈረንጅ አምስት መቶ ጫጩት ተጭኖ፣ ይልቃል ከአዲስ አበባ እስከ ናዝሬት በትንሽ ጣሳ ውኃ ሲያጠጣ ሄዷል። ሬሳም ይጫናል። ቆላ ሠርቶ የሞተ ሰው ዘመዶቹ ደጋ አገሩ እንዲቀበር ሲፈልጉ ሣጥኑን ለፉርጎው ይሰጣሉ። ያን ዕለት ይልቃል ባርኔጣውን አውልቆ ከሣጥኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሟቹ ክርስቲያን ከሆነ ዳዊት ይደግምለታል፤ እስላም ከሆነ ዝም ብሎ አብሮት ይሄዳል።

መጀመሪያ የተሰጠችው ፉርጎ የእንጨት ነበረች፤ እሱ ሳይወለድ ፈረንሳይ አገር ተሠርታ በመርከብ የመጣች። ከጣሪያዋ በላይ እንደ ርግብ ቤት ብቅ ያለች ባለመስታወት መቀመጫ ነበረቻት። በሦስት ደረጃ መሰላል ወጥቶ እዚያ ሲቀመጥ ባቡሩን ከራስ እስከ ጅራት ያያል፤ አደጋ ካየ ከጎኑ ያለውን የፍሬን እጀታ ያዞራል። ከወለሏ በታች ፈረንጆች ውሾቻቸውን የሚያስገቡባት ጎጆ ነበረች። የአዋሽን ድልድይ ሲሻገሩ ከዚያች ከፍታ ላይ ሆኖ ገደሉን ቁልቁል ማየት ከሥራው ሁሉ የሚወደው ነገር ነበር። ከዚያ በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. የብረቱ ፉርጎ መጣ። ሰፊ ነው፣ ተንሸራታች በር አለው፣ ምስጥ አይበላውም። መቀመጫ ማማ ግን የለውም። ሽቦ የተጋረደባቸው ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ነበሩት፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ መተሐራን ሲያልፍ ደግሞ ምድጃ ይሆናል። እንጨቷ ፉርጎ ከሐዲድ ወርዳ ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ መጋዘን ሆነች።

ዓይኑ መድከም ሲጀምር ይልቃል የፉርጎው ጨለማ መሰለው። አንድ ቀን ሞጆ ላይ ከእግሩ አጠገብ የነበረውን የቲማቲም ሳጥን ረገጠው። ሌላ ቀን ከጎኑ የቆመ ሰው ሰላምታ ሲሰጠው ድምፁን እንጂ ሰውየውን አላየም። ፊት ለፊቱን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ግራና ቀኙ ግን ጠፍቶበታል፤ በሸምበቆ ቀዳዳ አሻግሮ እንደሚመለከት ሰው ሆነ። ቀዳዳዋም በየወሩ ትጠባለች።

አዲስ አበባ ሐኪም አየው።

«ከዓይንህ በስተኋላ ያለው ጅማት እየሞተ ነው» አለው። «የሞተው አይመለስም። ቀድመህ ብትመጣ ኖሮ ማዘግየት ይቻል ነበር። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዕቃ እጠብቃለሁ።»

«ጥበቃ ከሆነ ጥቂት ዓመት ትሠራለህ» አለ ሐኪሙ። ይልቃልም አላረመውም።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለስንቅነሽ ነገራት። ልጅ አልነበራቸውም፤ ለጣቢያው ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች በአንዷ፣ ሁለቱ ብቻ ነበር የሚኖሩት። ስንቅነሽ የጣቢያው ቡፌ ቤት አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ታጥባለች።

«ለአቶ ሀብተ ሥላሴ ንገራቸው» አለችው። አቶ ሀብተ ሥላሴ የጣቢያው ሹም ናቸው። «ሌላ ሥራ ይፈልጉልሃል።»

«ለዕውር ምን ሥራ አለ?»

«ዕውር አትበል።»

«መጥረጊያ ይሰጡኝ ይሆናል። ለመጥረግም ቆሻሻውን ማየት ያስፈልጋል።»

ለሹሙ አልተናገረም። ዘዴ ፈጠረ። አዲስ አበባ ላይ መዝገብ ያዡ ዝርዝሩን እየጠራ ዕቃው ሲገባ፣ ይልቃል በየዕቃው ላይ አጭር የቃጫ ገመድ ያስራል። አንድ ቋጠሮ ለመተሐራ፣ ሁለት ቋጠሮ ለአዋሽ፣ ሦስት ለሚኤሶ። ድሬዳዋ የሚደርሰው ምንም አይታሰርበትም። ከዚያ ወዲያ ዓይን አያስፈልገውም። ጣቱን በዕቃው ላይ ሲያሳልፍ የት እንደሚወርድ ያውቃል፤ የማን እንደሆነ አእምሮው ይነግረዋል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዕቃ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከድሬዳዋ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎለት ስንቅነሽ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እሱ ደብዳቤውን ማንበብ አልቻለም።

ያወቀበት አንድ ሰው ከድሩ ነው። ከድሩ የአዋሽ ጫኞች አለቃ ነበር፤ ወሎዬ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። አንድ ቀን ዕቃ አውርደው ሲጨርሱ ውኃ በጣሳ ዘረጋለት፤ ይልቃል እጁን ወደ ሌላ ወገን ሰደደ።

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለው።

«ከምን?»

«ማየት ካቆምክ።»

ይልቃል ጣሳውን ፈልጎ አገኘውና ጠጣ። «ለሰው ትናገራለህ?» አለ በመጨረሻ።

«ለማን ብዬ? ግን አዋሽ ላይ የሚወርደውን እኔ ወረቀቱን ሳላነበው ለማንም አትስጥ። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቡሩ አዋሽ ሲቆም መጀመሪያ ወደ ፉርጎው በር የሚመጣው ከድሩ ሆነ።

በሃምሳ ሰባት ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። ከአዋሽ አርባ ባሻገር ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አዲስ የጥጥ እርሻ ነበር፤ ለቀማው ስለደረሰ ከወሎም ከሐረርጌም በመቶ የሚቆጠር ሰው ወርዶበታል። አሕመድ የሚባል ለቃሚ ከጥጡ ሥር እጁን ሲሰድ እፉኝት ነደፈው። ሐሙስ ጧት ነው። የእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር ያለውን ሁሉ አደረገ፤ ሆኖም እጁ እስከ ብብቱ አበጠ፤ ከድዱም ከአፍንጫውም ደም መንጠባጠብ ጀመረ። በእርሻው ሬዲዮ አዲስ አበባ ተጠየቀና የእባብ መርዝ ማርከሻ መርፌ በዓርቡ ባቡር እንደሚላክ ተነገረ። መርፌው ከደረሰ ሰውየው ይተርፋል ተባለ።

ዓርብ ጧት አዲስ አበባ ላይ መዝገብ ያዡ ጠራ፤ «አንድ ሳጥን መድኃኒት፣ ለእርሻው ክሊኒክ፣ አዋሽ፣ አስቸኳይ»። የጫማ ካርቶን የምታህል የእንጨት ሳጥን ናት። ይልቃል ሁለት ቋጠሮ ያለበት ቃጫ አሰረባትና ከበሩ አጠገብ፣ ለእጁ በሚቀርብ ቦታ አስቀመጣት። ከእሷ ጎን ያንኑ የምታህል ሌላ ሳጥን ገባች፤ ድሬዳዋ ላለ ፎቶ ቤት የሚሄድ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት። በእሷ ላይ ምንም አላሰረም።

ናዝሬት ላይ ለዚያው እርሻ የሚሄድ የውኃ ፓምፕ ቧንቧ ሊጫን መጣ። ቧንቧው ረጅም ስለሆነ ጫኙ እሸቴ ዕቃውን ሁሉ ወዲያና ወዲህ ማሸጋሸግ ነበረበት። ይልቃል በዚያን ሰዓት ወርዶ ከፖስታ ቤቱ ሰው ጋር ከረጢት ይረካከባል። ሲያሸጋሽጉ ቃጫዋ ከመድኃኒቱ ሳጥን ላይ ተንሸራታ ወለል ላይ ወደቀች። እሸቴ አገኛት። ጋሼ ይልቃል ያለ ምክንያት ምንም እንደማያስር ያውቃል፤ ስለዚህ መልካም ያደረገ መስሎት አንሥቶ አጥብቆ አሰራት፤ በቅርቡ ባገኛት ሳጥን ላይ።

ያን ዕለት ባቡሩ በሰዓቱ አዋሽ ገባ። ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ከድሩ ይህን ለምዶ ከጁምዓ ሶላት አልተመለሰም ነበር። በሩ ላይ የቆመው የእርሻው ሾፌር ቢሰጥ ነው፤ የላንድሮቨሩን ሞተር እንኳ አላጠፋም።

«ጋሼ ይልቃል፣ የመድኃኒቱ ሳጥን መጥታለች?»

«መጥታለች። ከድሩ የት ነው?»

«መስጊድ ይሆናላ። ስጠኝ እንጂ፣ ሰውየው ደሙ አልቆም ብሏል።»

ይልቃል እጁን ሰደደ። ሁለት ቋጠሮ። ሳጥኗን አነሣና ይዟት ቆመ። ክብደቷ ትንሽ የተለየ መስሎ ተሰማው፤ ወይም በኋላ ሲያስበው ነው እንደዚያ የመሰለው።

«እስቲ ወረቀቷን አንብብልኝ» አለ።

ቢሰጥ ሣቅ አለ። «እኔ ፊደል መቼ ቆጠርኩ፣ ጋሼ? አንተ እያለህ እኔን ታስነብበኛለህ?»

ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። በጣቢያው ላይ ማንበብ የሚችል ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቲኬት ቆራጩ አለ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ቢሯቸው ውስጥ ናቸው። አንዱን መጥራት ይበቃ ነበር። ግን ከጠራ፣ አንተስ ለምን አታነባትም ይሉታል። ሳጥኗን ለቢሰጥ ሰጠው።

ድሬዳዋ ሲደርሱ ዕቃ ተረካቢው ወረቀቶቹን እያነበበ ያወርድ ነበር። አንዷ ሳጥን ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይቺ ደግሞ የአዋሽ ናት። ለእርሻ ክሊኒክ ይላል። ምን ልትሠራ እዚህ መጣች?»

ይልቃል ሳጥኗን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ የፖስታ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ባቡር እስከ ማግሥቱ ጧት አልነበረም። ለአዋሽ ስልክ አስደወለ፤ ከአዋሽ ለእርሻው በሬዲዮ ተነገረ፤ ሌላ የሚደረግ ነገር አልተገኘም። ቅዳሜ ጧት ሳጥኗን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ እንደያዛት ወደ አዋሽ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ለማንም አልሰጣትም፤ ውኃ ሲጠጣ እንኳ አላስቀመጣትም። ከድሩ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር። ወረቀቷን ጮክ ብሎ አነበበና ለቢሰጥ ሰጠው።

ሰኞ ቢሰጥ ጥጥ ጭኖ መጣ። አሕመድ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ እንደሞተ ነገራቸው። በዚያን ሰዓት ቢሰጥ ገና ከአዋሽ አልተነሣም ነበር።

ሣምንት ሳይሞላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ለምርመራ መጡ። ነገሩ ግልጽ መሰላቸው። ይልቃል አሥራ አራት ዓመት አንድ ዕቃ ያላሳሳተ፣ የምስጋና ደብዳቤ ያለው ሰው ነው፤ ናዝሬት ላይ ዕቃውን ያሸጋሸገው ደግሞ እሸቴ ነው። እሸቴም በተሳሳተችው ሳጥን ላይ ስለተገኘችው ቃጫ ሲጠየቅ «አዎ፣ ቃጫዋን እኔ ነኝ ያሰርኳት» ብሎ አምኗል። ስድስት ልጆች ነበሩት። በአቶ ሀብተ ሥላሴ ቢሮ ውስጥ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እንደቆመ፣ ከሥራ እንደሚወጣና በሕግም እንደሚጠየቅ ነገሩት። ይልቃልን የጠሩት ለምስክርነት ነበር።

«እሸቴ ዕቃውን ሲነካካ አይተኸዋል?» ሲል አንደኛው መርማሪ ጠየቀው።

«አላየሁም።»

«እንዴት አላየህም?»

«ዓይን የለኝም» አለ ይልቃል። «ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዕቃውን የምለየው በቋጠሮ ነው። እሸቴ ቃጫ ወድቆ አገኘ፣ አሰረ። ቃጫው ምን እንደሆነ ለእሱም ለማንም አልተናገርኩም። እሸቴን ልቀቁት።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ከወንበራቸው ተነሥተው ከጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት አነሡና በፊቱ ዘረጉ። «ይህን አንብብልኝ፣ ይልቃል።»

«ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጌታዬ። እጅዎም አይታየኝም።»

ሹሙ ወረቀቱን መልሰው አስቀመጡት። «ለእኔ ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?» አሉት፤ የተቆጡ አይመስሉም፤ በእርግጥ ሊያውቁት የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«እሱን አላውቅም። ሰውየው ግን በሕይወት ይኖር ነበር።»

እሸቴን ለቀቁት። ይልቃል ከሥራ ተሰናበተ። በሕግ ይጠየቅ አይጠየቅ ሲባል ቆይቶ፣ ዓይኑን ሐኪም ካየው በኋላ ነገሩ ተተወ። የጣቢያውን ቤት ለቅቀው ከሐዲዱ ማዶ ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የሸምበቆዋ ቀዳዳ ጨርሳ ተዘጋች።

ወደ እርሻው መሄድ ያለበት እሱ ራሱ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ሁለት ወር ግን አልደፈረም። በጥር ከድሩ መጥቶ «ቢሰጥ ነገ ባዶውን ይመለሳል። ትሄዳለህ?» አለው። ሄደ። አዋሽ አርባን አልፈው በአቧራው መንገድ ተንገጫገጩ። እርሻው ውስጥ ሲገቡ የቦይ ውኃ ድምፅ ሰማ፤ አየሩም ቀዘቀዘው። ከድሩ እጁን ይዞ ለቃሚዎቹ በሣር ከሠሩት ጎጆ አጠገብ አስቀመጠው። አሕመድን የቀበሩት አንድ ሽማግሌ ሼህና ሦስት አራት ወሎዬዎች መጡ። በመጨረሻ ሀጂራ መጣች፤ የአሕመድ ሚስት። የአራት ዓመት ልጇ ኑራ ቀሚሷን ይዛ ነበር፤ ይልቃል የሕፃኗን ሳል ሰማ።

«እኔ ነኝ» አላት። «ሳጥኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።»

ሀጂራ ቁጭ አለች። ስትናገር ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«የመኪናውን ድምፅ እኔ ሳልሰማው እሱ ሰማው» አለች። «‘መጣልኝ’ አለ። ተነሥቶ ተቀመጠ። ከነደፈው ወዲህ ተቀምጦ አያውቅም። ድሬሰሩ ሳጥኑን ከፈተ፤ ጠርሙሶቹን አወጣ፤ ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ። እኔ ጠርሙሶቹን ነበር የማየው። አሕመድ የሚያየው የድሬሰሩን ፊት ነው። እኔ ከማወቄ በፊት እሱ አወቀ። ተመልሶ ተኛ።»



«ይህን ልነግርህ ነው የፈለግኩት» አለች።

ሼሁ «የአላህ ቀደር ነው፣ እህቴ። ሰውየውም ሳይደበቅ መጥቷል። ዓይኑም እንደምታዪው ነው። አፉ በይው» አሏት። ሌሎቹም በየተራ ለመኗት።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለች። ተነሣችና የልጅዋን እጅ ይዛ ሄደች። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ከድሩ «አሚን» አለ። በመመለሻቸው መንገድ ላይ ከድሩ «ተገላገልክ እንግዲህ፣ ጋሼ» ሲለው ይልቃል «አዎ» አለ፤ ነገር ግን አልተገላገለም።

ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ከቤት አልወጣም። ስንቅነሽ ጧት ቁርሱን አቅርባ ወደ ቡፌው ትሄዳለች፤ ስትመለስ በተወችው ቦታ ታገኘዋለች። ባቡሩ ሲያልፍ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብላ ስታዳምጥ የዚያን ዓርብ የጭነት ዝርዝር ነበር፤ አርባውንም ዕቃ ከነባለቤቱ ስም። እስኪጨርስ ትጠብቀውና ውኃ ትሰጠዋለች።

ከዚህ ያወጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። በእሱ ቦታ የተተካው ይገዙ የሚባል ሰው ዕቃ መደርደር አልቻለበትም፤ የእንቁላሉን ቅርጫት ከብረት ሥር፣ ጋዙን ከዱቄት አጠገብ ያስቀምጣል። ሹሙ ቤቱ ድረስ መጥተው አስተምርልኝ አሉት።

«እኔ ፉርጎ ውስጥ አልገባም፣ ጌታዬ» አለ ይልቃል።

«አትግባ። እዚሁ አስተምረው።»

ከድሩ የተሰባበረ የሳጥን እንጨት፣ መጋዝና ሙጫ አመጣ። ይልቃል አንድ ክንድ የሚሆን ፉርጎ ለመሥራት ሞከረ። የመጀመሪያው አራት ማዕዘኑ ጠማማ ሆነ፤ ሁለተኛው እጁን ቆረጠው። ሦስተኛው ቀጥ አለ። ጣሪያው ይነሣል፤ በሩ ይንሸራተታል፤ ውስጡ ጆንያና ሳጥን የሚመስሉ ትንንሽ እንጨቶች አሉት። ይገዙ እየመጣ ከፊቱ ይቀመጣል። «ከባዱ ከመንኮራኩሩ በላይ ይሁን። ቀድሞ የሚወርደው ከበሩ አጠገብ። ምግብና እንስሳ አታገናኝ። መድኃኒት ከእጅህ አይራቅ» ይለዋል። ይገዙ እንጨቶቹን ሲደረድር ይልቃል በጣቱ እየዳሰሰ ያርመዋል። በመጨረሻው ቀን አንድ ነገር ጨመረለት፤ «ያላየኸውን ነገር አላየሁም በል። አፍራለሁ ብለህ አትተው።»

ከዚያ መሥራቱን አልተወም። የብረቱንም የእንጨቷንም ሠራ። የእንጨቷን አብዝቶ ወደዳት። ባለመስታወቷን ማማ ከጣሪያዋ ላይ ያወጣላታል፤ ከወለሏ በታች የውሾቹን ጎጆ ያስገባላታል፤ መንኮራኩሯን የክር ማጠንጠኛ እንጨት ከርክሮ ይሠራል። የከተማው አስተማሪ አንዱን ለክፍሉ ወሰደ፤ በቡፌው የሚያርፉ መንገደኞችም ሲያዩ ይዘው ይሄዳሉ። ስንቅነሽ አንድ ቀን «ስትሠራቸው ደስ ይልሃል?» ብላ ጠየቀችው።

«ደስታ አይደለም» አላት። «በእጄ ስይዛት ሁሉንም ጥግ አውቀዋለሁ። ስይዛት የምሳሳትባት አይመስለኝም።»

በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሀጂራ እርሻውን ትታ ወደ አገሯ ልትመለስ እንደሆነ ከድሩ ሰማ። በባቡር አዲስ አበባ ትደርስና ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ትሄዳለች። ይልቃል ይህን ሲሰማ ከመደርደሪያው ላይ አንዷን የእንጨት ፉርጎ አወረደ፤ ከሠራቸው ሁሉ ጥሩዋን። በጨርቅ ጠቀለላት።

«ለማን ነው?» አለችው ስንቅነሽ።

«ለልጅቷ።»

ስንቅነሽ ከእጁ ላይ ቀስ ብላ ወሰደችበት። «ይልቃል፣ ይህን አትስጣት» አለችው። «ሌላ ምንም ስጣት፣ ይህን ግን አትስጣት።»

ትንሽ ካሰበ በኋላ ገባው። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስንቅነሽ በፉርጎዋ ፈንታ ጥቂት ብርቱካን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችው።

ጣቢያው ላይ ከድሩ ከሀጂራ አጠገብ አቆመው። ኑራ አድጋለች፤ እያንጎራጎረች በጠጠሩ ላይ ስትዘል ሰማት። ብርቱካኑን ለሀጂራ ሰጣት።

«ጀዛከላህ» አለች።

«መንገዱን የሰላም ያድርግላችሁ።»

«አሚን።»

ባቡሩ ገባ። ሀጂራ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበራት፤ የአሕመድን ልብስና የራሷን ዕቃ የያዘች፣ ከመቀመጫ ሥር የማትገባ ትልቅ ሣጥን። ይገዙ ከፉርጎው ወርዶ «እኅቴ፣ ይቺን ለእኔ ስጪኝ። አዲስ አበባ ወረቀትሽን አሳይተሽ ትረከቢያለሽ» አላት።

«አልሰጥም» አለች።

«ውስጥ ቦታ ትይዝብሻለች።»

«ትያዝ።»

«ምንም አትሆንም፣ እኔ እጠብቃታለሁ።»

«ለፉርጎው አልሰጥም አልኩህ» አለች ሀጂራ። አልጮኸችም። ሣጥኗን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ሦስተኛ ማዕረግ በር ሄደች። ከድሩ ሮጦ አገዛት፤ ልጅቷን ተሸክሞ አስገባላት።

ይልቃል ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ይገዙ ወደ እሱ ዞሮ «ሰው እንዴት እንደዚህ ይጠራጠራል፣ ጋሼ? እሷ ምን አስፈራት?» አለው፤ ሴትየዋ ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር።

«ተዋት» አለ ይልቃል። «ልክ ናት።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ከድሩ ተመልሶ ክንዱን ያዘውና ሐዲዱን አቋርጠው ወደ ቤት ሄዱ። ስንቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ፊቱን አይታ ምሳ አቀረበችለት። ትንሽ ቀመሰና «አልራበኝም፣ አንሺው» አላት።